ንጉሤ ወለደች

መንገድ ዳር ጥንቸል በካርቶን ይዞ የሚሸጥ ልጅ የሚጠራጠረው ነገር የለም። ሐኪም ይጠራጠራል፤ ዳኛ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የአየር ትንበያ አቅራቢዋ እንኳ «አልፎ አልፎ ሊጥል ይችላል» ብላ መውጫዋን ታበጃለች። ጥንቸል ሻጭ ግን እጁን ካርቶኑ ውስጥ ይሰድና ጡጫ የማይሞሉ ሁለት ነፍሶች በጆሯቸው አንጠልጥሎ «ይሄ ወንድ፣ ይቺ ሴት፤ ጥንድ ናቸው» ይላል። አለቀ። ገዢው «እኔ እንኳ ሁለት ሴት ነበር የፈለግሁት» ካለም ችግር የለም። እነዚያው ሁለቱ እዚያው ሴት ይሆናሉ።

ማስረጃ ቢጠየቅም አያጣም። ነጯ ሴት ናት፣ ግራጫው ወንድ ነው። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ሞላ ያለችው ሴት ናት። እኩል ከሞሉ ደግሞ «ዓይኗን እያት እስቲ፣ ስትሽኮረመም አይታይህም?» ይላል። ጥንቸል ዓይኗ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለተተከለ ከኋላዋ የሚመጣውን ጭምር ታያለች እንጂ ለማንም አትሽኮረመምም። በነገራችን ላይ በጆሮ ማንጠልጠሉም ነውር ነው። ጆሮዋ ደም ሥር የሞላበት ስስ ቆዳ ነው፤ ሲሞቃት የምትቀዘቅዘው በእሱ ነው። መያዣ ተብሎ አልተሠራም።

ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ደግ አይመስለኝም፤ ከእሱ በፊት የከበሩ ሰዎችም ተቸግረውበታል። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ፣ የዱር ጥንቸል ሁለቱንም ጾታ በአንድ አካል ይዛ ያለ ተባዕት ትወልዳለች የሚል ሰው እንዳለ ጠቅሷል። አንዷን ይዞ ገልበጥ አድርጎ ከማየት ይህን ማመን ቀሏቸዋል ማለት ነው። ፊቦናቺ የሚባለው የፒሳ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ አንድ ጥንድ ጥንቸል በዓመቱ ስንት ጥንድ እንደሚሆን ጠይቆ 377 ብሎ መልሷል። ስሌቱ ልክ ነው። ይሁንና በየወሩ የሚወለዱት ሁልጊዜ አንድ ወንድና አንድ ሴት ናቸው ብሎ ነው የጀመረው። ይህን የነገረው ማን እንደሆነ አልጻፈም፤ እኔ ግን ካርቶን የያዘ ልጅ ይመስለኛል።

በሰፈራችን የዚህ ጉዳይ ዋና መርማሪ እኔ ነኝ። ሹመቱን ጠይቄ አላገኘሁትም። አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ አያያዙን አሳየኝ፤ ጎረቤት ቤት የሰጠሁት ፍርድ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዘንቢል ያንጠለጠለ ሰው ከበሬ አይጠፋም። ሰላምታው ረጅም ነው። የቤተሰብ ጤና፣ የልጆች ትምህርት፣ የመብራቱ ነገር ይነሳል። በመጨረሻ ዘንቢሉ ይከፈትና ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ነገር እይልኝ» ይባላል።

መጀመሪያ የምጠይቀው ዕድሜዋን ነው። የለመደ እጅ ገና በተወለዱ በቀናቸው ሊለያቸው ይችላል። ለእንደ እኛ ዓይነቱ ግን 8 ሳምንት ሳይሞላቸው የሚሰጥ ፍርድ ይግባኝ አያጣውም። ሥራው ፎጣና ደህና ብርሃን ይፈልጋል፤ ተመልካች ባይኖር ደግሞ በጣም ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን በእኛ ግቢ የማይታሰብ ነው።

ወለል ላይ ወይም አጠር ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ጥንቸል ከከፍታ ከወደቀች ክፉኛ ትጎዳለች። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ ነው፤ መቀመጫዋ ሳይደገፍ ከተፈራገጠች የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። አንዱን እጅ ደረቷ ሥር፣ ሌላውን መቀመጫዋ ሥር አድርጎ ወደ ራስ ማስጠጋት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በጀርባዋ ጭን ላይ ማጋደም ነው። ጭራዋ በአውራ ጣት ዝቅ ይደረጋል። ከጭራዋ አጠገብ ያለው ቀዳዳ የተለመደው ነው፤ እሱን ተዉት። ከእሱ ከፍ ብሎ ባለው ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ ጫን ማለት፤ ማየት። ወንድ ከሆነ ትንሽ ቱቦ ነገር ብቅ ይላል፤ አፉ ክብ ነው፤ ልክ እንደ ዓይኑ «ዐ»። ሴት ከሆነች ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጭራዋ የወረደ ስንጥቅ ይታያል። በወንዱ ሁለቱ ቀዳዳዎች ይራራቃሉ፤ በሴቷ ይቀራረባሉ።

እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ነው። ችግሩ በግልገልነቷ የሴቷም ትንሽ ብቅ ማለቱ ነው። ጠንከር አድርገው ከተጫኑ ደግሞ ሁሉም ወንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ከአንድ እናት የተወለዱትን አሰልፎ ማነጻጸር ያዋጣል፤ ሁለተኛው ሲገለበጥ የመጀመሪያው ምን እንደነበረ ይገባል።

ይህን ሁሉ ስሠራ አከራያችን እማማ በጨዋነት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ ግን በየደቂቃው «ምን ሆነች?» ይላሉ። ልጆች ውጡ ተብለዋል፤ የስልኩን ባትሪ የሚያበራልኝ ግን ከእነሱ አንዱ ነው። ከጎን የሚኖሩት ጡረተኛው ቲቸር መነጽራቸውን ጠርገው «እንደገና ይታይ» ይላሉ። የባዮሎጂ አስተማሪ ቢሆኑ ይገባኝ ነበር፤ ያስተማሩት ጂኦግራፊ ነው።

ንጉሤና ንግሥት ግን ያለ እኔ ምርመራ ነው የገቡት። የግቢያችን ልጅ በትምህርቱ ደህና ውጤት አመጣና አባቱ ገዙለት። ስማቸው የወጣው ገና ታክሲ ውስጥ ነው፤ ግራጫው ንጉሤ፣ ነጯ ንግሥት። «ትንሽ ይቆዩና ይታዩ» ብል አባትየው «ሻጩ ነግሮናል እኮ» አሉኝ። የሰው ልጅ ክርስትና ሲነሳ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነው። ለጥንቸል ስም ማውጣት ግን ለሁለቱም 80 ቀን መጠበቅ ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። 80 ቀን ማለት 11 ሳምንት ከምናምን ነው፤ የወንዱ የዘር ፍሬ የሚወርደው ደግሞ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ግራና ቀኝ ፀጉር የሌላቸው ረዘም ያሉ ከረጢቶች ይታያሉና ባትሪም ቲቸርም አያስፈልግም።

እዚህም ላይ አንድ ተንኮል አለ። ጥንቸል ሲፈራ የዘር ፍሬውን ወደ ሆዱ መሳብ ይችላል። በዘንቢል ታፍኖ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኾበት፣ ደንግጦ የሚደርስ ወንድ ማስረጃውን ሁሉ ደብቆ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለው ድርቆሽ ቀርቦለት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ እኛም ቡና እንጠጣለን።

ንጉሤና ንግሥት ሦስት ወር ካለፋቸው በኋላ ጠባያቸው ተለወጠ። ተቃቅፈው ሲተኙ የነበሩት ይባረሩ ጀመር። ንጉሤ ንግሥት ላይ ሲወጣ የታየ ቀን አባትየው በሩ ላይ ቆመው ጠሩኝና፣ ያሸነፈ ሰው ድምፅ አውጥተው «ይኸው እንግዲህ!» አሉኝ። ነገሩ ግን ማስረጃ አይሆንም። ጥንቸል ሌላዋ ላይ የምትወጣው ለመራባት ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አለቃ ማን እንደሆነ ለማሳወቅም ነው። ሴት ሴት ላይ ትወጣለች፤ ሴት ወንድ ላይ ትወጣለች፤ አንዳንዴም በጭንቅላት በኩል ትወጣለች፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም መጽሐፍ ልጅ አያስገኝም። በዚህ መሠረት ባልና ሚስት ተብለው የከረሙ ስንት እኅትማማቾች አይቻለሁ።

ንጉሤ ቁጡ ሆነ። ምግብ ልታስቀምጥ እጅህን ወደ ሽቦ ቤቱ ስታስገባ ያጉረመርማል፤ ዘልሎም በፊት እግሮቹ ይመታል። አፈር ባገኘበት ይቆፍራል። አባትየው «ወንድ ልጅ!» እያሉ ካሮት ይጨምሩለታል። ንግሥት በበኩሏ ፍቅር በፍቅር ሆነች። እማማ ግቢውን ሲጠርጉ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። በክብ ትዞራቸዋለች፤ ስትዞርም ከጉሮሮዋ እም፣ እም የሚል ድምፅ ታወጣለች። «ይህቺ ልጅ ነፍሴን አወቀቻት» ይላሉ እማማ፤ የተረፈ ጎመን ይሄድላታል። አገጯንም ነጠላ ጫማቸው ላይ ታሻሻለች፤ ይህም መሳም ተብሎ ተቆጠረላት። ከአገጭ ሥር ሽታ የሚያወጣ እጢ እንዳለና ጥንቸል እሱን ያሸችበትን ዕቃ ሁሉ «የእኔ ነው» ማለቷ እንደሆነ ባስረዳም የሰማኝ የለም። እግር ሥር እየዞሩ ማጉረምረሙ ደግሞ የለየለት ማሽኮርመም ነው፤ ለእማማ ጫማ የቀረበ የጋብቻ ጥያቄ ማለት ነው።

ያን ሰሞን ንግሥት ዘወር ብላ፣ ወንበር ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩትን የቲቸርን ሱሪ በሽንት ረጨች። ትንሽ ጠብታ አይደለም፤ አነጣጥራ ነው። ልጆች ተንጫጩ፤ ቲቸር በቁጣ ተነሱ፤ እማማ «ፈርታ ነው፣ የእኔ ልጅ» አሉ። በር ላይ የነበረው ዘበኛችን ብቻ ዝም ብሎ አየና «ሴት እንዲህ አትሸናም» አለ። ሴቶቹም አልፎ አልፎ ይረጫሉ፤ ሆኖም እንዲህ አዘውትሮ ግዛትን በሽንት መከለልና የወደዱትን ማራስ የጎረመሰ ወንድ ጠባይ ነው። ዘበኛው ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበበም፤ ባሌ ፍየል ሲጠብቅ ነው ያደገው።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሤ ጢም አወጣ። ማለት፣ ጠዋት አፉን ሞልቶ ድርቆሽ ሲይዝ ግራና ቀኝ ተንጨፍርሮ ታየ። ወዲያ ወዲህ እያለ ወደ አንድ ጥግ ያመላልሳል። ቀጥሎ ከሆዱ ፀጉር መንጨት ጀመረ። እማማ «ዓይን ገብቶት ነው» አሉ፤ ቲቸር የቆዳ በሽታ ጠረጠሩ፤ አባትየው ቅባት ሊገዙ ወጡ። እኔ ሳየው አንድ የቀረ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ሴት ጥንቸል ሳታረግዝም የውሸት እርግዝና ይዟት ከ16 እስከ 18 ቀን ያህል ከቆየች በኋላ እንዲሁ ጎጆ ሠርታ ፀጉሯን ልትነጭ ትችላለች፤ ሌላ ሴት ላይዋ ስለወጣችባት ብቻ እንኳ። ስለዚህ አፌን ያዝሁ። በማግስቱ ጠዋት ልጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን በግማሽ ለብሶ እየሮጠ መጣና «ጋሼ! ንጉሤ ወለደች!» አለኝ።

ፀጉሩ ውስጥ ሰባት ራቁታቸውን የሆኑ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ ፍጡሮች ይተራመሳሉ። ሻጩ ጥንድ ናቸው ማለቱ እንግዲህ እውነት ነበር፤ የገለበጠው ማንነታቸውን ብቻ ነው። ስም ይቀየር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ልጁ አልቀበልም አለ። ዛሬም በግቢያችን «ንጉሤ ነይ፣ ንግሥት ና» ሲባል የሚሰማ እንግዳ ግራ ተጋብቶ ይቀመጣል።

አራስ በመገኘቱ ገንፎ ተገነፋ። የበላነው እኛ ነን። እማማ ግን ማንኪያቸውን ይዘው ከሽቦ ቤቱ ፊት ተቀምጠው ሲጠብቁ ውለው ንጉሤ አንድ ጊዜ እንኳ ልጆቿ ዘንድ ሳትደርስ ቀረች። «ጨካኝ! ምን ዓይነት እናት ናት!» የላም ወተት በጠብታ ካልሰጠሁ ብለው ተነሱ። በግድ ነው የያዝናቸው። እናት ጥንቸል የምታጠባው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨለም ሲል ነው። ወተቷ የሰባ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ጎጆው ዘንድ የማትመላለሰው ጠላት ሽታዋን ተከትሎ እንዳያገኛቸው ነው። ልጆቹ ሆዳቸው ክብ ካለ ጠብተዋል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ዘበኛው ግን በሌላ ነገር ነበር የተገረመው። «ይህ ጥንቸል አይደለም» አለ ራቁታቸውን አይቶ። «እኛ አገር ጥንቸል ፀጉሯን ለብሳ፣ ዓይኗን ከፍታ ነው የምትወለድ። ጉድጓድም አትቆፍርም፤ ሣር ውስጥ ነው የምትተኛ።» ቲቸር «ጥንቸል ጥንቸል ነው» ብለው ሊገሥጹት ፈለጉ። እውነቱ ከዘበኛው ጋር ነው። በእኛ ደጋ የሚሮጠው የዱር ጥንቸል ሌላ ወገን ነው፤ ሰው አላምዶት አያውቅም። በየቤቱ ያለው ለማዳ ጥንቸል ሁሉ፣ ነጩም ዥንጉርጉሩም፣ ከስፔን አካባቢ ከመጣ ከአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ዘር የተገኘ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጮኽሁት ግን ስለ ንግሥት ነበር። «ዛሬውኑ ለብቻው ይደረግ» አልሁ። አባትየው «አራስ ናት እኮ፤ ማን ይነካታል?» አሉ። ሴት ጥንቸል ግን እንደ ላም የኮርማ ወቅት አትጠብቅም። እንቁላሏ የሚለቀቀው ከተጠቃች በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። በወለደችበት ቀን ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 31 ቀን አካባቢ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገና ከጡት ሳይለዩ ሁለተኛው ገንፎ ተገነፋ።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት በግልገልነታቸው ክምር ሆነው የሚተኙ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነበሩ። እኔ በ10ኛው ሳምንት ለይቻቸዋለሁ፤ አራት ሴት፣ ሦስት ወንድ። ሴቶቹ በአንድ ቤት ከሞላ ጎደል ተስማሙ። ሦስቱ ወንዶች ግን አንድ ሌሊት ፀጉር በፀጉር ሆነው አደሩ። ሲጣሉ የሚነክሱት ቦታ ደግሞ ጭካኔው ያስደነግጣል፤ ተፎካካሪውን እዚያው ለማኮላሸት ነው የሚሞክሩት። ቲቸር በመካከላቸው ካሮት አስቀምጠው ሊያስታርቁ ሞከሩ። ሽምግልናው የቆየው ካሮቱ እስኪያልቅ ነው። ለየብቻ ተደረጉ።

አሁን የቀረው ወዴት ይሂዱ የሚለው ነው። እኛ ኦርቶዶክሶች ጥንቸል አንበላም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ያመሰኳል ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ብሎ ዘግቶታል። ፎቅ ላይ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን «ለእኛስ ይፈቀዳል» አሉ፤ ነገር ግን ልጃቸው የሁሉንም ስም በቃሉ ስለሚያውቅ ቢላዋ ማንሳት አልቻሉም። ስለዚህ ወደ ግቢያችን ቡና ሊጠጣ የመጣ ዘመድ ሁሉ ካርቶን ይዞ ይወጣ ጀመር። ወሩ ሳያልቅ ዘመድ መምጣት አቆመ።

እንዲህ ያለ ችግር በዓለም አዲስ አይደለም። ያው ፕሊኒ እንደጻፈው የባሊያሪክ ደሴቶች ሰዎች ጥንቸል ስለበዛባቸው አውግስጦስ ቄሣር ወታደር እንዲልክላቸው ለምነዋል። ያ በወንጌል ዓለም ሁሉ እንዲቆጠር ያዘዘው ቄሣር ጥንቸሎቹን እንዲቆጥር አለመጠየቁ ጥሩ ነው። በአውስትራሊያም አንድ ባለርስት እ.ኤ.አ. በ1859 ለአደን ብሎ 24 ጥንቸሎች ከእንግሊዝ አስመጣ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት በመቶና በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር አጥር አሳጥሮም አላቆማቸውም። እኛ ቄሣርም አጥርም ስለሌለን እማማ ስብሰባ ጠሩ።

ውሳኔው ንግሥት ይኮላሽ የሚል ሆነ። የእንስሳት ሐኪሙ ወዳጄ ሠራው፤ ሆኖም እስከ 6 ሳምንት ድረስ በውስጡ የቀረ ዘር ስላለ ከንጉሤ ጋር እንዳይገናኝ አስጠነቀቀ። በዚህ ጊዜ አባትየው አልተከራከሩም። የቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያከበቡት እሳቸው ናቸው። ንግሥት አሁን ረጋ ብሏል፤ መርጨቱን ትቷል፤ እማማን መዞሩንም ትቷል። እማማ በዚህ ቅር ብሏቸዋል፤ ጎመኑም ቀንሷል።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ስድስት ናቸው፤ አሁን ይቦርቃሉ። ሲደሰቱ አየር ላይ ዘለው ወገባቸውን ይጠማዘዛሉ፤ ውሻ ሲጮኽ አንዱ በኋላ እግሩ መሬቱን ይደበድብና ሁሉም ይደበቃሉ። ልጁ ዘንድሮ ስም ለማውጣት አልቸኮለም። «80 ቀን እስኪሞላ ሁሉም ደስታ ነው የሚባሉት» ብሎ ወሰነ፤ ደስታ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ደስታ አንድ፣ ደስታ ሁለት እየተባለ እስከ ደስታ ስድስት ይቆጠራል።

ሰሞኑን ደስታ አምስት ደስታ ሦስት ላይ መውጣት ጀመረ። እማማ መጥረጊያቸውን ጥለው ጠሩኝ፤ «ና፣ እየው! ይሄስ ወንድ ነው!»

«ቀኑ አልደረሰም እማማ» አልኋቸው።

«አንተ ደግሞ!» አሉና ወደ ዘበኛው ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

ዘበኛው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ቀረብ አለ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ቲቸር ወንበራቸውን አንስተው ራቅ አሉ።

«ሽንቱን ልየው» አለ።